አንድ ሬጉሌተር፣ ብዙ አፍ፦ በጋራ የምንተነፍስበትን የመጥለቂያ ዕቃ በንጽሕና መያዝ

የመጥለቂያ ዕቃ የሚከራይ ሰው ማስኩን ፊቱ ላይ ይለካል፤ የእግር መቅዘፊያውን ቁጥር ይጠይቃል፤ የሲሊንደሩን ግፊት ያያል። ሬጉሌተሩ፣ የሲሊንደሩን አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው መተንፈሻ፣ ትናንት በማን አፍ እንደዋለ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥመኝም። ሥራዬ ከውሃ የወጣ ዕቃ መረከብ፣ ማጠብ፣ መፈታታትና ለሚቀጥለው ሰው ማሰናዳት ነው። የምረከበው ዕቃ ምራቅ፣ ንፍጥ፣ አንዳንዴም ከድድ የወጣ ደም ይዞ ይመጣል። ይህን የምለው ላስጠላችሁ ብዬ አይደለም፤ አንድ ሰዓት ያህል ጎማ ነክሶ በአፉ ብቻ ሲተነፍስ የቆየ ሰው ዕቃ እንዲህ መሆኑ ግድ ነው።

የሚያስቸግረኝ ዕቃው መቆሸሹ ሳይሆን "በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጌዋለሁ" የሚለው መልስ ነው። መለቅለቅ ጨውና አሸዋ ያነሣል። ቫይረስና ባክቴሪያ መግደል ሌላ ሥራ ነው፤ የራሱ መድኃኒት፣ የራሱ ደቂቃ አለው።

ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው

ሰው በብዛት የሚፈራውን አስቀድሜ ላንሣው። ኤች አይ ቪ በምራቅ አይተላለፍም። ሬጉሌተር በመጋራት እያዛለሁ ብላችሁ አትስጉ፤ ቫይረሱ በደሙ ያለበትን ሰውም በዚህ ሰበብ ከቡድን አታግልሉ። ሳንባ ነቀርሳም ቢሆን በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ጥቃቅን ጠብታ እንጂ ዕቃ በመጋራት የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ በሽታው የተቀሰቀሰበት ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ መጥለቅ የለበትም። ሄፓታይተስ ቢ ለየት ይላል። የሚሄደው በደምና በሰውነት ፈሳሽ ሲሆን፣ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን የመበከል አቅሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ደም ያየሁበትን የአፍ ጎማ አላጥበውም፤ ጥዬ በአዲስ እተካዋለሁ። ጎማ ርካሽ ነው።

በተግባር ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተራ የሚመስለው ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች የሄርፐስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ሥራ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ዕድሜው ከ50 በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ይህን ቫይረስ ይዞ ይኖራል። ኃይለኛ ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል፤ ጠላቂ ደግሞ ቀኑን ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ሰው ነው። ቁስል ሳይታይም ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል "ከንፈሩ የቆሰለውን ብቻ እንለይ" የሚለው ዘዴ ብዙ አያስኬድም። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ በተመሳሳይ መንገድ ያልፋሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው ጆሮው ግፊቱን ማስተካከል ስለሚያቅተው ባይጠልቅ ለራሱም ይበጀዋል፤ ችግሩ ኢንፍሉዌንዛ ሕመሙ ከመሰማቱ አንድ ቀን አስቀድሞም ሊተላለፍ መቻሉ ነው። ሆድን የሚያገላብጠው ኖሮቫይረስ ደግሞ በተራ መድኃኒት የማይበገር ግትር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቆሻሻው የት ነው የሚቀመጠው

ሰው ሁሉ የሚያጥበው የሚታየውን የአፍ ጎማ ነው። ብዙው ግን ከጎማው ኋላ፣ ሰከንድ ስቴጅ በሚባለው ክብ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። አየር ስትስቡ በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን፣ ዲያፍራሙ፣ ወደ ውስጥ ይጎብጥና ማንሻውን ይጫናል፤ ቫልቩ ተከፍቶ አየር ይገባል። ስታስወጡ ትንፋሹ በታች ባለው የማስወጫ ጎማ በኩል አረፋ ሆኖ ይወጣል። ምራቅና አክታ የሚቀረው በዲያፍራሙ የውስጥ ገጽ፣ በማንሻው ሥርና በማስወጫው ጎማ ጠርዝ ላይ ነው።

ትንፋሻችሁ ወደ ቱቦው አይመለስም። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በአብዛኛው ሬጉሌተር በዙሪያው ካለው ግፊት ከ9 እስከ 10 ባር ያህል ይበልጣልና የሚሄደው ወደ እናንተ ብቻ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ሲሊንደሩ ተገጥሞ ተከፍቶ ሳለ ነው። ግፊት በሌለበት ሬጉሌተሩን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ፊት ለፊት ያለውን፣ አየር በኃይል የሚያስነፋውን የፐርጅ ቁልፍ ከተጫናችሁ ቫልቩ ይከፈታል፤ የቆሸሸው ውሃ፣ መድኃኒቱም ጭምር፣ በቱቦው ሽቅብ ተጉዞ ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው ክፍል፣ ፈርስት ስቴጁ፣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ከገባ በኋላ ባለሙያ ሳይፈታው አይወጣም።

አስተጣጠቡ

ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ሬጉሌተሩን ከሲሊንደር ጋር አገናኝታችሁ፣ አየሩን ከፍታችሁ እጠቡት። ካልተቻለ የፈርስት ስቴጁን የአቧራ ክዳን ደረቅ መሆኑን አይታችሁ አጥብቃችሁ ግጠሙና ፐርጁን ፈጽሞ አትንኩ።

መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። ቀጥሎ የሚፈስ ንጹሕ ውሃ በአፍ ጎማው በኩል አስገብታችሁ በማስወጫው እንዲወጣ አድርጉ። ሁሉም ዕቃውን የሚነክርበት የጋራ ገንዳ ለዚህ አይሆንም። የመጀመሪያው ሬጉሌተር ሲገባ ውሃው ንጹሕ ነበር፤ አሥረኛው ሲገባ የዘጠኝ ሰው ምራቅ አለበት። ገንዳው ለውጭ ልብስና ለመቅዘፊያ ይሁን፤ አፍ የሚነካው ሁሉ የሚፈስ ውሃ ያግኝ።

ከዚያ ለስላሳ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ። በጎማው ውስጥና ውጭ፣ ጥርስ በሚይዛቸው ሁለት ጉብታዎች ዙሪያ፣ በማስወጫው ላይ እሹት። ይህን የሚዘል ብዙ ነው፤ ነገር ግን ምራቅና አክታ እንደተጋገረ ከቀረ ፀረ ተህዋሲያኑ ከሥሩ ያለው ዘንድ አይደርስም፤ ክሎሪን ደግሞ ቆሻሻው ላይ ኃይሉን ይጨርሳል። ሳሙናውን በደንብ አስለቅቁ።

አሁን መድኃኒቱ ውስጥ ይነከር። ሙሉ በሙሉ ይስጠም፤ ሰከንድ ስቴጁን አገላብጡት፣ የታፈነ አየር ይውጣ፤ አየር ያለበት ቦታ መድኃኒት አልነካውም ማለት ነው። ግፊት ካለው ፐርጁን ለአፍታ መጫን አረፋውን ያስወጣል። ሰዓቱን ያዙ። ጠርሙሱ ላይ "10 ደቂቃ" ካለ 10 ደቂቃ ነው፤ ደንበኛ ቆሞ ስለጠበቀ 3 ደቂቃ አይሆንም። እዚህ ላይ ግትር ነኝ፤ ባልደረቦቼም ያውቁታል።

ሲያበቃ እንደገና በሚፈስ ውሃ እጠቡትና አየሩን በፐርጅ ንፉበት። ከዚያ የአፍ ጎማው ቁልቁል እንዲያይ አድርጋችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ላይ ስቀሉ። ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ ጥላ የሆነበትን የውስጡን ክፍል ግን አያጸዳውም። እርጥብ ሬጉሌተር ከረጢት ውስጥ ከቶ መዝጋት ሻጋታ መዝራት ነው። ሲደርቅ የአፍ ጎማውን በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ከዚያ በኋላ በእጅ አይነካ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በየጊዜው የአፍ ጎማውን የያዘውን የፕላስቲክ ማሰሪያ ቆርጣችሁ ጎማውን አውልቁ። ከማሰሪያው ሥር ጥቁር ሻጋታ ተኝቶ የማገኘው ከውጭ ንጹሕ በሚመስሉት ላይ ነው። ጉንዳንና ትናንሽ ነፍሳትም እዚያ ውስጥ ይጠለላሉ።

የትኛው መድኃኒት

የመጀመሪያ ምርጫዬ ለመተንፈሻ መሣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ፣ የሬጉሌተሩ አምራች መመሪያም የማይከለክለው ፀረ ተህዋሲያን ነው። ብዙዎቹ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድን ከመሰለ ኳተርነሪ አሞኒየም የሚሠሩ ናቸው። ለጎማና ለብረት ይራራሉ፤ ሄርፐስን፣ ኢንፍሉዌንዛንና ኮሮናን የመሰሉ የስብ ሽፋን ያላቸውን ቫይረሶች ይገድላሉ። ኖሮቫይረስ ግን ያ ሽፋን ስለሌለው ብዙዎቹን ይቋቋማል። ጠርሙሱ ላይ የትኞቹን ተህዋሲያን እንደሚገድል የተጻፈውን አንብቡ፤ መጠኑንም በዓይን ግምት አትቀላቅሉ።

ሁለተኛው በረኪና ነው። 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በውሃ 1 ሊትር ስትሞሉት 0.1 በመቶ ክሎሪን ታገኛላችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ክሎሪኑን ያባክነዋል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ የትናንቱ ጉልበት የለውም። ሽታ የሌለውና ሌላ ነገር ያልተጨመረበት በረኪና ምረጡ። እኔ 10 ደቂቃ አቆየውና ብዙ ውሃ አፈስበታለሁ፤ ሲቆይ ጎማን ያደርቃል፣ የብረቱን ልባጥ ይበላል። ስለዚህ የዕለት ተዕለት መድኃኒቴ አይደለም፤ ማስታወክ ወይም የሆድ ሕመም ሲኖር ነው የማወጣው።

በረኪናን ከሌላ ምንም አትቀላቅሉ። ከኮምጣጤ ጋር የክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ክሎራሚን ይወጣዋል፤ ሁለቱም ሳንባ ያቃጥላሉ። ከላይ ካልኩት የኳተርነሪ አሞኒየም መድኃኒት ጋርም አይገናኝ።

ሰዎች የሚያመጡልኝን ሌላውን ሁሉ በአጭሩ ልለፈው። የአፍ መጉመጥመጫ ፈሳሽ ሽታ ያሳምራል እንጂ ዕቃ አያጸዳም። ኮምጣጤ የጨው ቅርፊት ያነሣል፤ ከዚያ አያልፍም። አልኮል ጀርሙን ይገድላል፣ ግን ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል፤ ተቀጣጣይም ስለሆነ በኦክስጅን የበለጸገ አየር ከሚያልፍበት ዕቃ አካባቢ እንዲደርስ አልፈልግም። መቀቀል የሚሆነው ለብቻው ለወለቀ የሲሊኮን ጎማ ብቻ ነው፤ በሙቅ ውሃ አለስልሶ በጥርስ ቅርጽ የሚሠራውን ዓይነት ከቀቀላችሁት ቅርጹ ይጠፋል።

ቢሲዲው ውስጥ ያለው ኩሬ

ቢሲዲ፣ ጠላቂው ለመንሳፈፍና ለመስመጥ አየር የሚሞላውና የሚያስለቅቀው ጃኬት፣ በአፍ ሲነፋ የሳንባ ትንፋሽና ምራቅ ይገባዋል፤ አየር ሲለቀቅ ደግሞ ውሃ ሾልኮ ይገባል። ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት አለው፤ ማንም ደግሞ ውስጡን አያይም። ስለዚህ በማስነፊያው ቱቦ በኩል፣ የማስለቀቂያውን ቁልፍ ተጭናችሁ፣ ከረጢቱን ሲሶ ያህል ንጹሕ ውሃ ሙሉት። አየር ጨምሩበት፣ በየአቅጣጫው አገላብጡ፣ ዘቅዝቃችሁ አፍስሱ። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድገሙት፤ ከዚያ ለቢሲዲ የሚሆን ፀረ ተህዋሲያን በመመሪያው መጠን አድርጋችሁ አቆዩት፣ አጥባችሁም አስወጡ። ስታስቀምጡት ግማሽ ያህል ተነፍቶ ይሰቀል፤ ግድግዳዎቹ እንዳይጣበቁ።

የማስነፊያው ጫፍም አፍ የሚነካው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። አየር የጨረሰ ሰው ከቢሲዲው ከረጢት መተንፈስ ይችላል የሚል ወሬ ብትሰሙ አትከተሉት፤ ሻጋታና የቆመ ውሃ ወደ ሳንባ መሳብ ነው።

ማስክና ስኖርክል

ስኖርክል፣ ከውሃ ወለል ላይ ሆኖ የሚተነፈስበት ቱቦ፣ እንደ ሬጉሌተሩ ይታጠባል፤ ቀላል ስለሆነ ለየሰው ቢሆን ይመረጣል። ማስክ ላይ ጉም እንዳይዝ መትፋት የቆየ ልማድ ነው፤ በራሳችሁ ማስክ ላይ ከሆነ ጉዳዩ የእናንተ ነው። ጀልባ ላይ ያለው የጋራ ባልዲ ግን ሁሉም የተፋበትን የሚያጥብበት ከሆነ ያ ውሃ ዓይናችሁና አፍንጫችሁ ላይ ነው የሚገባው። ጥቂት የሕፃናት ሻምፑ ወይም ለዚሁ የተሠራ ፈሳሽ ተጠቀሙ፤ በራሳችሁ የውሃ ጠርሙስ አጥቡት። ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ማስክ እንደ ሬጉሌተር ይቆጠራል።

አየር መጋራትን ስንለማመድ

ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ዘመናዊውን የስኩባ ሬጉሌተር ሲሠሩ አንድ ጠላቂ አንድ መተንፈሻ ብቻ ነበረው፤ ጓደኛው አየር ካጠረው ሁለቱ ያንኑ አፍ ለአፍ እየተቀባበሉ ይወጡ ነበር። አሁን ኦክቶፐስ የሚባለው ትርፍ ሰከንድ ስቴጅ ስላለ ያ አስፈላጊ አይደለም። ሆኖም ኦክቶፐስ ራሱ በሥልጠና ላይ የበሽታ ድልድይ ሊሆን ይችላል። አሠልጣኙ ተንበርክኮ ለተማሪ በየተራ የራሱን ኦክቶፐስ ሲሰጥ አንዱ ጎማ በስድስት አፍ ይዞራል። በመሐል የሚገባው ውሃ፣ የባሕርም ሆነ የገንዳ፣ በሰከንዶች ውስጥ አያጸዳውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ተማሪዎቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በማይለዋወጥ ጥንድ መድቡ። ዕለቱ ሲጀመር የእያንዳንዱ ኦክቶፐስ በመድኃኒት ጸድቶና ተሸፍኖ ይምጣ፤ ባለቤቱ ራሱ አይተንፍስበት፣ በፐርጅ ብቻ ይፈትሸው። ልምምዱ ሲደርስ የመጀመሪያው አፍ የጓደኛው ይሆናል፤ ሌላ ሰው አይገባበትም። የአሠልጣኙ ኦክቶፐስ ለእውነተኛ አደጋ ብቻ ይቀመጥ። ምልክቱን፣ አያያዙንና አቋቋሙን መጀመሪያ ጎማ ወደ አፍ ሳያስገቡ በደረቅ መሬት መደጋገም ይቻላል፤ እንዲያውም ውሃ ውስጥ የሚባክነውን ጊዜ ይቆጥባል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ አሠልጣኞች ወደዚህ አሠራር ተገድደው ገብተው ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ መተዋቸውን አልወደድኩትም።

በረጅም ቱቦ የሚጠልቁ፣ በአደጋ ጊዜ በአፋቸው ያለውን አውጥተው የሚሰጡም አሉ። ዘዴው ጥሩ ነው፤ የሚሰጠው ሬጉሌተር እንደሚሠራ በዚያች ቅጽበት የተረጋገጠ ነው። ግን ምራቅ አብሮ ይሄዳል። ይህን ከጓደኛችሁ ጋር ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ ከንፈሩ ቆስሎ ከሆነም እዚያው ይንገራችሁ።

ይህን ሁሉ ጣጣ መሬት ላይ የምንጨርሰው ውሃ ውስጥ ማንም እንዳያመነታ ነው። ጓደኛችሁ አየር አልቆበት እጁን ከዘረጋ ስጡ፤ እናንተም ካለቀባችሁ ያገኛችሁትን ተቀበሉ፣ ፐርጅ ተጭናችሁ ውሃውን አስወጡ፣ ተንፍሱ። ምች ይድናል።

ሰው ውሃ ውስጥ ካስታወከ

ማዕበል ያንገላታው ጠላቂ ውሃ ሥር ያስታውካል። ሬጉሌተሩን አያውጣ፤ አጥብቆ ይዞ በውስጡ ያስታውክ፣ በፐርጅ ይንፋው። አፉን ከፍቶ ካስታወከ የሚቀጥለው ትንፋሽ ውሃ ነው። ፍርፋሪ የማስወጫውን ጎማ ከያዘውና ውሃ መግባት ከጀመረ ወደ ኦክቶፐሱ ይቀይር፤ ከጓደኛውም ጋር ጉዞውን ያብቃ።

ወደ ላይ ሲደርስ ያ ሬጉሌተር ምልክት ይታሰርበትና ከሌላው ይለይ። ጓንት አድርጉ። ተራ ማጠብ አይበቃውም፤ ሰከንድ ስቴጁን የተማረ ሰው ይፍታው፣ ዲያፍራሙና ማስወጫው ለየብቻ በሳሙና ይታጠቡ፣ ከዚያ በበረኪናው ይነከሩ፣ የአፍ ጎማው ይጣል። ሰውየውን ባሕሩ አናውጦት ይሁን ኖሮቫይረስ ይዞት ይሁን ከጀልባው ላይ ሆናችሁ መለየት አትችሉም። ስለዚህ ሁለተኛው እንደሆነ አድርጋችሁ አጽዱ።

ለሚከራይ ሰው

ከሁሉ የሚበልጠው የራስን የአፍ ጎማ መያዝ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ለብዙዎቹ ሬጉሌተሮችም ይሆናል። ከጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያዎችና ከትንሽ መቁረጫ ጋር በከረጢት ያዙት፤ እንዲገጠምላችሁ የኪራይ ክፍሉን ሠራተኛ ጠይቁ። ጎማውን መቀየር ከኋላው ያለውን ቤት እንደማያጸዳው ግን አትርሱ፤ በምን መድኃኒት፣ ስንት ደቂቃ እንደነከሩት ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በጥያቄው አይቀየምም፤ እኔ ደስ ይለኛል።

ዕቃው ሲሰጣችሁ የአፍ ጎማውን ቁልቁል አድርጋችሁ ፐርጁን ሁለት ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ የቀረ መድኃኒት ወይም ነፍሳት ካለ ይወጣል። አሽትቱት፤ የክሎሪን ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው መልሱት። ጉብታዎቹ የተነከሱ፣ የተቀደዱ ከሆኑ ድዳችሁን ያቆስላሉ፤ በቁስሉ በኩል ደግሞ የሌላ ሰው ተህዋሲያን ይገባል። በመጨረሻ ጎማውን በጣታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ከወለቀ ወይም ማሰሪያ ከሌለው ሌላ ይሰጣችሁ፤ ምን ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ውሃ ውስጥ ጎማው ብቻ አፋችሁ ላይ ቀርቶ ሬጉሌተሩ ሊሄድባችሁ ይችላል።